የሳንባ ደም ግፊትና የጭንቅላት ፈሳሽ ይገናኛሉ?

ታናሿ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ «የሳንባ ደም ግፊት አለብሽ» ተባለች። አባዬ ደግሞ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል አሉን። ሁለቱም መራመድ አቅቷቸዋል። የእማዬ ግፊት በክንዷ ሲለካ ደህና ነው፣ ታዲያ የምን ግፊት ነው? የሁለቱ ሕመም አንድ ይሆን እንዴ? በጣም ግራ ገብቶኛል።

ነርሷ፦
አይዞሽ እህቴ፣ የተለያዩ ናቸው። የእናትሽ ግፊት የጨመረው ከቀኝ ልብ ወደ ሳንባ ደም በሚወስደው የደም ስር ውስጥ ነው። የክንዱ መለኪያ እሱን አያሳይም። የቀኝ ልብ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ያንን ግፊት እየታገለ ሲገፋ ይደክማል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል። በልብ አልትራሳውንድ ይጠረጠራል እንጂ የሚረጋገጠው ቀጭን ቱቦ በደም ስር እስከ ልብ ገብቶ ሲለካ ነው፤ አማካዩ ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ካለፈ አለ ይባላል። መንስኤውን ግን ጠይቂ። ከግራ ልብ ድካም፣ ከሳንባ በሽታ ወይም ከቆየ የደም መርጋት ሊመጣ ይችላል፣ ሕክምናውም እንደዚያው ይለያያል።

አስታማሚው፦
የኔ አባት ልክ እንደ አባትሽ ነበር። ትንፋሹ ደህና ነው፣ እግሩ ግን ወለሉ ላይ የተጣበቀ ይመስላል፣ በአጫጭር እርምጃ እየጎተተ ነው የሚሄደው። ቀጥሎ ሽንቱ ያመልጠው ጀመር፣ መርሳትም መጣ። እኛ እርጅና ነው ብለን ዝም አልን፣ እሱ እስካሁን ይቆጨኛል። በኋላ የጭንቅላቱ ፈሳሽ በአከርካሪው ውስጥም ስላለ ከወገቡ ትንሽ ቀድተው አካሄዱን በፊትና በኋላ አወዳደሩ፣ ተሻለው። ከዚያ ሻንት ገባለት፣ ማለት ትርፉን ፈሳሽ ከጭንቅላት ወደ ሆድ የሚወስድ ቱቦ። አካሄዱ በደንብ ተመለሰ፣ መርሳቱ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ታናሿ፦
እማዬ ትንሽ ሄዳ ቆማ ታለከልካለች። አባዬ ግን ገና ከወንበር ሲነሳ እግሩ እሺ አይለውም። ሽንቱም ያመልጠዋል፣ አፍረን ለሐኪሙ አልነገርነውም።

ነርሷ፦
ንገሩት እንጂ! ሐኪሙ የሚፈልገው እሱን ነው። ሲራመዱም በስልክሽ ቅረጪና አሳዪው። እናትሽ ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው ወይም ደም ካሳላቸው ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው። አባትሽም ከባድ ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣባቸው ወይም አልነቃ ካሉ እንደዚያው።