ቦጎታ፦ ማታ ከኡሳኬን ወደ ላ ካንዴላሪያ መመለሻ

ቦጎታን የምታውቁ እርዱኝ። ብቻዬን ነኝ፤ ያረፍኩት በአሮጌው የከተማው ክፍል፣ ላ ካንዴላሪያ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እበራለሁ። የወርቅ ሙዚየሙ ሰኞ ስለሚዘጋ ለማክሰኞ ጠዋት አቆይቼዋለሁ። የቦቴሮ ሙዚየም ደግሞ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ሰኞ ጠዋት እዚያ ነኝ፣ መግቢያውም ነፃ ነው። ከፍታው 2,600 ሜትር ገደማ ቢሆንም ለአዲስ አበባ ልጅ ብዙም አይከብድም።

ያስቸገረኝ የሰኞ ማታው ነው። በከተማው ሰሜን ወዳለው ኡሳኬን ሰፈር ሄጄ እራት መብላት አስቤያለሁ። የታክሲ መተግበሪያ ብሞክር የኮሎምቢያ ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ፤ የባንክ ካርዴንም አልተቀበለም። የትራንስሚሌኒዮ አውቶቡስ ካርድ አለኝ፤ ነገር ግን የማረፊያዬ ሰዎች ከመሸ በኋላ ከጣቢያው በእግር እንዳልመጣ አጥብቀው ነግረውኛል።

በእጄ ባለው ጥሬ ገንዘብ ብቻ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከኡሳኬን እስከ ማረፊያዬ በር በምን ልመለስ?