አንድ እሁድ ሮም ላይ፣ አራት ሰው፣ በነፍስ ወከፍ 40 ዩሮ፦ ያስኬዳል?

ሚኪ_ፍራንክፈርት፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። አራት ጓደኛሞች ነን፣ ርካሽ ትኬት አግኝተን ቅዳሜ ማታ ሮም ገብተን እሁድ ማታ ልንመለስ ነው፣ ማደሪያ ዘመድ ጋር ስለሆነ እሱ አያስጨንቅም ግን ሁለታችን ተማሪ ነን ትራንስፖርትም ምግብም መግቢያም ተደምሮ ከ40 ዩሮ እንዲያልፍ አንፈልግም። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ኮሎሲየም ብቻውን 18 ዩሮ ነው፣ የቫቲካን ሙዚየም ደሞ ከሱም ይብሳል። ሮም ያላችሁ እስኪ ምከሩን። አንዷ ጓደኛችን ፆም ላይ ናት፣ ጣልያን አገር አይብ የሌለበት ምን ልበላ ነው እያለች ከአሁኑ ጀምራናለች ሃሃ

የተርሚኒ_ልጅ፦
ወንድሜ ከሁሉ በፊት እሁዱ የወሩ ስንተኛ እንደሆነ እይ። የመጀመሪያው እሁድ ከሆነ ኮሎሲየምም አጠገቡ ያለው የጥንቱ ሮም ፍርስራሽ ፎረሙም ጥንታዊው ቤተ መቅደስ ፓንቴዎንም በነፃ ነው፣ ግን ለኮሎሲየም ትኬቱን እዛው በቀኑ ነው የምትወስደው፣ ሰልፉን ቻለው እንግዲህ። የመጨረሻው ከሆነ ደሞ የቫቲካን ሙዚየም ነፃ ነው፣ በኛ አቆጣጠር እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የሚያስገቡት።

ብራችሁን የሚበላው መግቢያ አይደለም፣ ኤርፖርቱ ነው። ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ቀጥታ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ የሚገባው ባቡር 14 ዩሮ ነው፣ ደርሶ መልስ 28 አለቀ በቃ። ባሱን ያዙ፣ ግማሽ ያህል ነው። ከተማ ውስጥ 1.50 ዩሮ ትኬት 100 ደቂቃ ይሰራል ግን መሃል ከተማውን በእግር ነው የምትጨርሱት። ውሃ እንዳትገዙ፣ መንገድ ዳር ቀን ከሌት የሚፈሱ የብረት ቧንቧዎች አሉ ናሶኒ ይሏቸዋል፣ ከ2,000 በላይ ናቸው፣ ውሃው ቀዝቃዛና ንፁህ ነው የላስቲክ ጠርሙሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፣ ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ቱሪስት ያለበት ቦታ ዋጋው ሌላ ነው። ለፆመኛዋ ፒዛ ሮሳ ወይ ማሪናራ እዘዙላት፣ ቲማቲምና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም፣ ተቆርጦ በሚዛን ከሚሸጥበት ቤት ግዙ። እሱም ከሰለቻት ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ቤት አለ፣ በያይነቱ ትበላለች።

ሳቢ_ሚላኖ፦
እኔ ኮሎሲየም ውስጥ ለመግባት ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ መቆም አይዋጥልኝም፣ በነፃም ቢሆን። ትልቁ ነገር ከውጪ ይታያል። ይልቅ ሮም ውስጥ ሌላ አገር ቢሆን ሙዚየም ገብተሽ ከፍለሽ የምታዪው ስዕል ቤተክርስቲያን ውስጥ በነፃ ተሰቅሏል። ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ግቡ፣ የካራቫጆ ሦስት የቅዱስ ማቴዎስ ስዕሎች አሉ፣ ጨለማ ነው ግን ሳንቲም ስትከቱበት መብራት የሚበራ ማሽን አለ (ትንሽ ታገሱ ሌላ ቱሪስት ይከትላችኋል ሃሃ)። የሚኬላንጄሎ የሙሴ ሐውልት ደሞ ሳን ፒዬትሮ ኢን ቪንኮሊ ነው ያለው፣ ከኮሎሲየም የእግር መንገድ ነው፣ እሱም ነፃ። ጠዋት ቅዳሴ አለ ምሳ ሰዓት ደሞ ብዙዎቹ ይዘጋሉ ሰዓቱን አይታችሁ ሂዱ። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካም የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ትከሻና ጉልበት ግን ይሸፈን፣ ሴትም ወንድም። እና የስፔን ደረጃ ላይ አትቀመጡ፣ ቅጣቱ እስከ 250 ዩሮ ነው፣ ያ እንግዲህ የስድስት ሰው በጀት ነው።

ጋሽ_ቶሎሳ፦
ልጆች እኔ ሮም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፣ የኛ ሰው መጥቶ ትሬቪ ፏፏቴ ጋር ፎቶ ተነስቶ ሲሄድ ያናድደኛል። ከተርሚኒ ስትወጡ ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ይባላል፣ የአምስት መቶዎቹ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሳቸው ወታደሮች ናቸው። የመታሰቢያቸው ሐውልት እዛው ቅርብ ነው፣ ከአዲስ አበባ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳም እስኪመለስ ድረስ እሱ ስር ነበር የቆመው። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ሰይፍ የመዘዘውም እዛው ነው።

ከዛ ፖርታ ካፔና ሂዱ፣ በሜትሮ ቺርኮ ማሲሞ ትወርዳላችሁ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዛ ነበር፣ በ2005 ነው አገሩ የገባው። ፊት ለፊቱ ያለው የፋኦ (የተመድ የምግብና እርሻ ድርጅት) ህንፃ መጀመሪያ የታቀደው ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ነበር። አሁን ሐውልቱ የለም ምን እናያለን እንዳትሉ፣ አበበ ቢቂላ በ1960 ማታ በባዶ እግሩ ያንን ሐውልት አልፎ ነው አብሮት ይሮጥ የነበረውን ሞሮኳዊ ጥሎ የሄደው። የጨረሰው ቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ነው፣ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ የዓለም ሪከርድ። ከፖርታ ካፔና እስከ ቅስቱ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፣ በእግራችሁ ሂዱት። ሳንቲም አያስከፍልም።

ሚኪ_ፍራንክፈርት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን፣ የአበበን መንገድ አንቀርም፣ አንደኛው ልጅማ ጫማ አውልቄ ነው የምሄደው እያለ ነው። እሁዱ የወሩ ሁለተኛ ነው፣ ነፃው አመለጠን። በምን ቅደም ተከተል እንሂድ ታዲያ?

የተርሚኒ_ልጅ፦
በጠዋት ከተርሚኒ ተነሱ፣ የዶጋሊን ሐውልት አይታችሁ ቤተክርስቲያኑ ሳይዘጋ ወደ ሙሴው ውረዱ፣ ከዛ ኮሎሲየምን ከውጪ ዞራችሁ በቅስቱ በኩል ፖርታ ካፔና፣ ጋሼ ካሉት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው ግን መንገዱ ያው ነው። አቬንቲኖ ላይ ያለው የብርቱካን አትክልት ቦታ ውስጥ ምሳችሁን ብሉ፣ ከተማው ከላይ ይታያል። ስትመለሱ በፎሪ ኢምፔሪያሊ ጎዳና በኩል፣ እሁድ ለመኪና ዝግ ስለሆነ መሃል አስፋልቱን እየሄዳችሁ ፍርስራሹን በነፃ ታያላችሁ። ፓንቴዎን 5 ዩሮዋን ክፈሉ፣ እሷ አትቆጭም። ካራቫጆው ከኋላው ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ መጨረሻ ይሁን፣ እኩለ ቀን ላይ ፓፓው አደባባዩ ላይ ሕዝብ ስለሚባርኩ ጢም ይላል። ልጁ ደሞ ጫማውን አያውልቅ፣ በበጋ ድንጋዩ ያቃጥላል፣ አበበ ማታ ነው የሮጠው።