«ለእነርሱ ይበቃቸዋል» ስለሚባለው ስጦታ

መምህርቷ፦
ትናንት አባ ቆጥብ እዚሁ መወያያ ገጻችን ላይ የጻፉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። መሥሪያ ቤታቸው ሊያስወግዳቸው የነበሩ 30 ኮምፒውተሮች ለአንድ ትምህርት ቤት እንዲሰጡ ማድረጋቸውን ነገሩን፤ እሰየው። ከዚያ ግን «ይዘገያሉ፣ አንዳንዶቹም አይነሡም፤ ቢሆንም ለእነርሱ ይበቃቸዋል» ብለው ደመደሙ። እኔ ከ«እነርሱ» ወገን ነኝ። በትምህርት ቤታችን ዕቃ ክፍል እንዲህ «የሚበቃን» ዕቃ ከወገቤ በላይ ተቆልሏል። ባለፈው ዓመት ከተቀበልናቸው 12 ላፕቶፖች የሠሩት 3 ናቸው። አምስቱ ቻርጀር የላቸውም፤ ሁለቱ እኛ የማናውቀው የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ፤ የቀሩት ጨርሶ አይነሡም። ሰጪዎቹ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ፤ ቁልሉ ከእኔ ጋር ቀረ። ለመሆኑ የሚበቃንን የለካልን ማን ነው?

አባ ቆጥብ፦
ልጄ፣ መስጠት ወንጀል የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጡት ሪፖርት እንደሚለው፣ ዓለም በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። እኔ ከዚያ ክምር 30 ቀነስኩ። አንቺ ምን ቀነስሽ?

ካቻቪቴ፦
ጋሼ፣ አልቀነሱም። ቦታ ነው ያስቀየሩት።

አንቀጽ፦
የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። በነገራችን ላይ ነገሩ የአባ ቆጥብ ብቻ አይደለም፤ አገሮችም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። የማይሠራ ዕቃ በኮንቴይነር ይጫናል፣ ሰነዱ ላይ «ያገለገለ ዕቃ» ይባላል፣ ተቀባዩ አገር ሲከፍተው ቆሻሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት የመጣው አደገኛ ቆሻሻ እንዲህ ድንበር እየተሻገረ ድሃ አገር ላይ ሲራገፍ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ አደገኛ ይሁንም አይሁን ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያለ ተቀባዩ አገር የቅድሚያ ስምምነት ድንበር እንዳይሻገር ተደንግጓል። ስለዚህ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው ጥያቄ የመምህርቷ ቅብጠት አይደለም፤ ዕቃውን ከቆሻሻ የሚለየው ዋናው መስመር እርሱ ነው።

አባ ቆጥብ፦
እኔ ምን ድንበር ተሻገርኩ? ኮምፒውተሮቹ አንድ መንገድ ነው የተሻገሩት! ሕግ አዋቂ ሲበዛ ደግ ሰው ይጠፋል።

መምህርቷ፦
ደግነትዎን ማን ካደ? «አንዳንዶቹም አይነሡም» ያሉት እርስዎ ነዎት። የማይነሣ ኮምፒውተር ለምኑ ነው የሚበቃን? ለበር መደገፊያ?

መሳቢያ፦
እኔ ለዚህ ብዬ ነው ምንም የማልሰጠው። መሳቢያዬ ውስጥ 4 ስልክ፣ 1 ካሜራ፣ ለማን እንደሆኑ የማላውቃቸው ገመዶች አሉ። ብሰጥ እሰደባለሁ፣ ብጥል እሰደባለሁ። ዝም ብለው ቢተኙ ማንን ጎዱ?

ካቻቪቴ፦
አንተ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነህ። ስልኮቹ ሲመጡ ይሠሩ ነበር፤ በመሳቢያህ ውስጥ ነው ያረጁት። በሁለተኛው ዓመት ብትሰጣቸው የሚደሰትባቸው ሰው ነበር። አሁን ባትሪያቸው ባዶ ሆኖ ስለኖረ ሞቷል፣ መተግበሪያዎቹም አይጫኑባቸውም። መቆየት በራሱ ዕቃ ይገድላል። ደግሞ ያበጠ እንዳለ እይ። ባለፈው ሳምንት አንድ ላፕቶፕ ገለበጥኩ። የዳር ብሎኖቹ እንደ ጠበቁ ናቸው፣ መሐሉ ግን ተነፍቷል። የመጨረሻውን ብሎን ስፈታ ሽፋኑ ራሱ ብድግ አለ፤ ሦስቱ የባትሪ ከረጢቶች እንደ ትራስ አብጠዋል። በር ዘግተው የሚረሱት ዕቃ አይደለም ይህ። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፣ አይወጋም፣ ከተራ ቆሻሻ ጋርም አይጣልም። በቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ይነሣል።

መሳቢያ፦
እውነቱን ልናገር? የማልሰጠው ለፎቶዎቼ ስለምፈራ ነው።

ቀጥተኛው፦
ይህስ ቀላል ነው። እኔ ያረጀ ነገር ሁሉ በመዶሻ ነው የምጨርሰው። ሃርድ ዲስክም፣ ስልክም። መረጃዬን ማንም አያይም።

ካቻቪቴ፦
ስልክም? ባትሪው ውስጡ እያለ?

ቀጥተኛው፦
እስካሁን ምንም አልሆነም።

ካቻቪቴ፦
እስካሁን። መሳቢያ፣ አንተ ይህን ሰው አትስማ። ፍርሃትህ ግን ተገቢ ነው። ፋይል አጠፋሁ ስትል በተለመደው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚጠፋው ማውጫው እንጂ ፋይሉ አይደለም፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ተኝቶ ይጠብቃል። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም። ስለዚህ ሙሉ ዲስኩ ላይ ሌላ መረጃ ደርቦ የሚጽፍ ፕሮግራም ተጠቀም። በአዲሶቹ ኤስ ኤስ ዲዎች (የሚሽከረከር ነገር በሌላቸው ፈጣን ዲስኮች) ላይ ግን መደረብ አስተማማኝ አይደለም፤ ዲስኩ ራሱ የሚጽፍበትን ቦታ ስለሚያቀያይር የቀረ ሊኖር ይችላል። እዚያ የአምራቹን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ወይም ከመጀመሪያው ዲስኩን ማመስጠር፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ማድረግ ነው። የቅርብ ዓመታት ስልኮች ይዘታቸውን አመስጥረው ስለሚይዙ ስልኩን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት ቅንብር ስትመልሰው ቁልፉ ይጠፋል፤ መረጃው ቢገኝ እንኳ አይነበብም። ነገር ግን አስቀድመህ ከአካውንትህ ውጣ! ይህን ባለማድረግ የተቆለፈ ስልክ ስንቱን እንዳየሁ። ተቀባዩ እጅ ሲደርስ የአንተን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ አንተም ስልክ ሳይሆን ጡብ ሰጠህ ማለት ነው።

መምህርቷ፦
የእኛ ሁለቱ ላፕቶፖች ይኸው ነው ችግራቸው። ሰጪውን ስንጠይቅ «ያን ጊዜ የነበረው ሠራተኛ ለቋል» አሉን።

አባ ቆጥብ፦
ስለዚህ ምን ይሁን? ይቃጠል? ጃፓኖች ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ከአሮጌ ዕቃ ሜዳሊያ ሠሩ፤ ወደ 79 ሺህ ቶን ትናንሽ መሣሪያና 6.2 ሚሊዮን ያህል ስልክ ሰብስበው ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሜዳሊያዎች አወጡ። ሕዝቡ «ቻርጀሩ የት አለ?» ብሎ አልተጨቃጨቀም፣ አምጥቶ ሰጠ።

አንቀጽ፦
አባ ቆጥብ፣ ምሳሌዎ ራስዎን ነው የመታው። ጃፓኖች የማይሠራውን ለተማሪ አልሰጡም፤ ለማቅለጫ ነው የሰጡት። ከዚያ ሁሉ የወጣው ወርቅ 32 ኪሎ ያህል ነው። ብረቱን ለይቶ ለማውጣት ፋብሪካ ያስፈልጋል። ፋብሪካ የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ በጋና አክራ በአግቦግብሎሺ ዓለም አይቶታል፤ መዳብ ለማግኘት ሽቦ በእሳት ይለበለብ ነበር፣ ፕላስቲኩ ሲነድ የሚወጣውን ጭስ ወጣቶች ይተነፍሱ ነበር። ስጦታዎ በመጨረሻ እዚያ ዓይነት ቦታ ከደረሰ «ይበቃቸዋል» ያሉት ጭሱን ነው።

አባ ቆጥብ፦
አሁን ደግሞ ጭስ አጫሽ ተባልኩ። በሉ ቀጥሉ።

ካቻቪቴ፦
ጋሼን ብቻ አትውቀሱ እንጂ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነ እኮ። ባትሪውን በሙጫ አጣብቆ የሚሸጠው አምራች ነው፤ እኔ በሙቀትና በክር ስፍቀው የምውለው ለዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ በመሣሪያ ውስጥ ያለ ባትሪ ባለቤቱ ራሱ የሚያወጣው እንዲሆን ደንግጓል። ኮምፒውተሩን የሚያስኬደውን ዊንዶውስ 10ንም ተመልከቱ፤ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ፤ ብዙ ደህና ኮምፒውተሮች ደግሞ ቀጣዩን ዊንዶውስ የማይቀበሉት አምራቹ ያወጣውን የቺፕ መስፈርት ስለማያሟሉ ነው። ኩባንያው «በቃኝ» ያለውን ነው እኛ «ይበቃቸዋል» የምንለው።

መምህርቷ፦
ይህቺን ወደድኳት።

ካቻቪቴ፦
ቆይ፣ አንቺም አትቸኩዪ። ከዚያ ቁልልሽ ውስጥ የሚድን አለ። ሃርድ ዲስኩን በኤስ ኤስ ዲ ለውጪ፣ ሜሞሪ ጨምሪ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ጫኚ፤ የ10 ዓመት ላፕቶፕ ጽሑፍና ኢንተርኔት ያለ ችግር ይሠራል። የአዲስ መሣሪያ ብክለት አብዛኛው የሚወጣው ሲመረት ስለሆነ አሮጌውን ማቆየት ትልቅ ነገር ነው። አሮጌ ሁሉ ቆሻሻ ነው ማለትም ስድብ ነው፣ በተለይ እኔን።

መምህርቷ፦
አሮጌ አልጠላሁም ወንድሜ። ኤስ ኤስ ዲውን ማን ይገዛል? ሰዓቱንስ ማን ይሰጣል? ሰጪው ሁለት ሰዓት ወስዶ ማስነሣት ካልቻለ፣ 50 ተማሪ ፊት የቆምኩት እኔ መቼ ላስነሣው ነው? ለይተው፣ ሞክረው፣ ቻርጀሩን አስረው፣ የሚሠራውን ብቻ ይስጡን። የማይሠራውን ወደሚቀበለው መልሶ ጥቅም ላይ አዋይ ራሳቸው ይውሰዱት።

መሳቢያ፦
ካቻቪቴ፣ አንዱ ስልክ ጀርባው ትንሽ ተነሥቷል። መደበኛ ነው?

ካቻቪቴ፦
አይደለም! ከሌሎቹ ለየው፤ ከመጽሐፍና ከመጋረጃ አርቀህ አስቀምጠው፣ ነገ ባትሪ ወደሚቀበሉበት ውሰደው።

ቀጥተኛው፦
ወይም ወደ እኔ።

ካቻቪቴ፦
አንተ ዝም በል።

አባ ቆጥብ፦
እሺ፣ ስላስቸገራችሁ «ይበቃቸዋል» ያልኩትን አንሥቻለሁ። «ይጠቅማቸዋል» በሉት። ተስማማን?

መምህርቷ፦
የትኞቹ? የሚነሡት ወይስ የማይነሡት?

አባ ቆጥብ፦
አሁን ደግሞ ይህን ጀመርሽ።