የጥላሸት መስመሬ ቡና ሲደረብበት ይለቃል፤ በምን ላጽናው?

ሰላም ለሥዕል ባለሙያዎች፣ ከደሴ ነው። ለልጆች መጽሐፍ የሚሆን የራሴን አሳሳል እየፈለግኩ ነው፦ ደፋር ጥቁር መስመር፣ በላዩ ስስ የቡና ቀለም።

ጥቁሩን የምሠራው በጥላሸትና በግራር ሙጫ ነው። 1 እጅ ሙጫ በ2 እጅ ለብ ያለ ውሃ ተዘፍዝፎ ያድርና በጨርቅ ይጠለላል። ጥላሸት ውሃ ስለሚሸሽ መጀመሪያ በጥቂት አረቄ ይርሳል፣ ከዚያ ከሙጫው ጋር በደንብ ይታሻል። ሲደርቅ ጥቁረቱ ግሩም ነው! ቡናው ሲነካው ግን ሙጫው መልሶ ይሟሟና ቡኒው ይቆሽሻል። ሙጫ ሲበዛ መስመሩ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ በጣት ይለቃል። እስክሪብቶ ውሃውን ይችለዋል፤ መስመሩ ግን ለእኔ ሥዕል በጣም ቀጭን ነው።

በሙጫው ፋንታ የእንቁላል አስኳል ልጠቀም? በደንብ ሲደርቅ ውሃ እንደሚቋቋም አውቃለሁ፤ የሚያሳስበኝ የመቃ ብዕሩ ላይ ቶሎ ደርቆ መድፈኑ ነው። ስንት እጅ ውሃ ይጨመርበት? ወይስ ቡናውን አስቀድሜ ቀብቼ መስመሩን በመጨረሻ ልሳል? ያኔ ደግሞ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ስለሚጨማደድ ብዕሩ ይዘላል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ወፈር ያለ የውሃ ቀለም ወረቀትና ጥቁር አክሪሊክ (ሲደርቅ በውሃ የማይለቅ ቀለም) የት እንደሚሸጥ የምታውቁም እባካችሁ ጠቁሙኝ።