ከሜሪላንድ እስከ ሲያትል በመኪና፦ እናታችንን ይዘን በፍልሰታ ጾም የት የት እንቁም?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ምክንያት ወደ ሲያትል ልንዛወር ስለሆነ፣ ዕቃችንን አስቀድመን ልከን እኛ በራሳችን መኪና አገሩን አቋርጠን ለመሄድ ወስነናል። ተጓዦቹ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ እናቴ ነን። እናቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ በእግር መሄድ አይችሉም፤ ሆኖም የሚኖሩበትን አገር በዓይናቸው ማየት የዘወትር ምኞታቸው ነው። ለመነሳት ያሰብነው በኦገስት የመጀመሪያ ቀኖች ሲሆን፣ ከ2,700 ማይል በላይ ለሆነው መንገድ ዐሥር ቀን ያህል አለን። አንዱ መንገድ በዴንቨርና በሶልት ሌክ ሲቲ፣ ሌላው በቺካጎና በሳውዝ ዳኮታ አድርጎ በኢንተርስቴት 90 ይሄዳል። ቆም ብሎ ለማየት የሚሻለው የትኛው ነው? ቀኖቹንስ እንዴት እናብቃቃቸው? ጉዞው ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለሚገጥም በምግቡም በኩል ብትመክሩን እናመሰግናለን።

መልስ፣ ከአንድ የጭነት መኪና አሽከርካሪ

ሁለቱንም መንገዶች ጭነት ይዤ እመላለስባቸዋለሁ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዞ ለሚሄድ ሰው ኢንተርስቴት 90ን እመርጥለታለሁ፤ ሊታዩ ከሚገባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ መኪና ከሚቆምበት ብዙ ሳይራቅ የሚታዩ ናቸውና። አጥብቄ የምመክርዎ ግን ቀኖቹን እኩል እንዳያከፋፍሏቸው ነው። እስከ ሚኒሶታ ያለውን መንገድ በርታ ብለው ይንዱና ያተረፉትን ቀን ከሚዙሪ ወንዝ ወዲያ ላለው አገር ያውሉት። የፔንሲልቬኒያ፣ የኦሃዮ፣ የኢንዲያናና የኢሊኖይ የክፍያ መንገዶች ሁሉም ኢዚ ፓስ የሚባለውን የመንገድ ክፍያ መሣሪያ ስለሚቀበሉ፣ ከመነሳትዎ በፊት መኪናው ላይ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ያለ እርሱ በፔንሲልቬኒያ የሚያልፍ ሰው በታርጋው የሚላክለት ሂሳብ ከፍ ያለ ነው።

የመነሻውን ቀን በተመለከተ አንድ ብርቱ ነገር አለ። በሳውዝ ዳኮታዋ ስተርጂስ ከተማ ከ1938 ጀምሮ የሚካሄደው የሞተር ብስክሌተኞች ስብሰባ በየዓመቱ በኦገስት መጀመሪያ ላይ ይውላል፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ስለሚመጣ በዚያ አካባቢ የሆቴል ክፍል ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ኦገስት 12 ወይም 13 ገደማ ቢነሱ፣ እዚያ ሲደርሱ ስብሰባው እያለቀ ወይም አልቆ ይጠብቅዎታል።

የሚዙሪን ወንዝ ከመሻገርዎ በፊት ቼምበርሊን አጠገብ ያለው ማረፊያ ላይ ይቁሙ። በ2016 የቆመው፣ 50 ጫማ ቁመት ያለው የአገሬው ተወላጅ ሴት ሐውልት ከነኮከብ ጥለቱ ብርድ ልብስ ወንዙን ቁልቁል ይመለከታል። እስከዚያ ድረስ ያዩት የበቆሎ እርሻ ከወንዙ ማዶ ለሣር ሜዳና ለከብት ቦታውን ይለቃል፤ ትንሽ እንደተጓዙም ሰዓትዎ አንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። ባድላንድስ የሚባለውን የገደል አገር ብሔራዊ ፓርክ ለማየት ሀይዌዩን በ131ኛው መውጫ ለቅቀው፣ በፓርኩ ውስጥ የሚጠማዘዘውን መንገድ ይዘው ዎል ከተማ ላይ በ110ኛው መውጫ ይመለሱ። እኔ በበኩሌ ከዚህ መንገድ ሁሉ የማስቀድመው ይህንን ቦታ ነው። ጠዋት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይግቡ፤ በቀትር ግራጫ መስሎ የሚታየው ገደል በዚያን ጊዜ ሮዝና ቢጫ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ። ዊንዶው የሚባለው አጭር መንገድ በእንጨት ርብራብ የተሠራ ስለሆነ እናትዎ ቀስ ብለው እስከ ጫፉ ሊደርሱ ይችላሉ።

መልስ፣ ከሱ ፎልስ ነዋሪ

እህታችን ወይም ወንድማችን፣ ስለ ጾሙ ያነሡት ነገር ተገቢ ነው። በመንገድዎ ላይ ባለችው በዚህች የሳውዝ ዳኮታ ከተማችን ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለምንኖር እንጀራና የጾም ወጥ አይጠፋም፤ ከዚህ ወዲያ ግን መንገድ ላይ እንጀራ ይገኛል ብሎ መሄድ አይገባም። እንጀራውን በደንብ ሳይበርድ በፕላስቲክ ከጠቀለሉት ያልበዋል፣ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል፤ ስለዚህ በሚገባ አብርደው ጥቂት ጥቂቱን ለየብቻ ይጠቅልሉና በረዶ ባለበት ሳጥን ያስቀምጡት። ለኋለኞቹ ቀኖች ድርቆሽ ይያዙ፤ በዘይት የተሠራ ቁሌት በብርጭቆ ማሰሮ ካለዎት የሞቴል ማይክሮዌቭ ፍርፍሩን ያደርስልዎታል። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከእጅ አይለዩ።

እናትዎ እንደ ብዙዎቹ እናቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ወደ ምዕራብ በሄዱ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ ስለሚመለስ፣ የሰዓት ክልል በሚሻገሩበት ቀን ዘጠኝ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይዘገይባቸዋል፤ እስከ ሲያትል ሦስት ጊዜ ይገጥማቸዋል። መድኃኒት የሚወስዱም ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። የመነሻውን ቀን ወደ ኦገስት 12 አዛውረናል። የሚቀረኝ ጥያቄ በዋዮሚንግ ስላለው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ቦታው ከፍታ ስላለው ለእናቴ አይከብዳቸውም? እዚያስ በየት በኩል ብንገባ ይሻላል?

መልስ፣ ከሲያትል

አብዛኛው የሎውስቶን ወደ 8,000 ጫማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አይበልጥም። ሆኖም ሰው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለዓመታት ሲኖር ሰውነቱ ስለሚረሳው፣ የደም ግፊት ካለባቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ቀንም አያጣድፏቸው። ከዋዮሚንጓ ባፋሎ ከተማ በዩኤስ 16 የቢግሆርንን ተራራ ተሻግራችሁ በኮዲ በኩል በምሥራቁ በር ብትገቡ መልካም ነው። አናቱ 9,666 ጫማ ይደርሳል፤ ቁልቁለቱ ግን ያንኑ ተራራ ከሚሻገረው፣ 14ኤ ከሚባለው ሌላ መንገድ የለዘበ ነው። ስትወርዱ ፍሬን ከማሞቅ ማርሽ ቀንሱ።

ኦልድ ፌዝፉል የሚባለው ፍልውሃ በአማካይ በ90 ደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ይፈነዳል፤ የሚጠበቀው ሰዓት በእንግዳ መቀበያው ስለሚለጠፍና ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር ስላለ እናትዎ ተቀምጠው ያዩታል። ልጆቹን ግን ከእንጨቱ መተላለፊያ እንዳይወርዱ አጥብቃችሁ ያዟቸው፤ መሬቱ ስስ፣ ከሥሩ ያለው ውሃ የሚያፈላ ነው። ጎሽ መንገድ ዳር ቢቆምም ከ25 ያርድ አትቅረቡት። ባድላንድስንም የሎውስቶንንም ስለምትገቡ የ80 ዶላሩን ዓመታዊ የፓርኮች ማለፊያ ግዙ፤ በመኪናው ውስጥ ያላችሁትን ሁሉ ያስገባችኋል። ስልክ በብዙ ቦታ ስለማይሠራ ካርታውን ቀድማችሁ ጫኑ።

ኦገስት 21 ማታ ሲያትል ከገባችሁ እናትዎ የፍልሰታን በዓል በማግሥቱ በቤተ ክርስቲያን ያከብራሉ። ስለዚህ የሎውስቶን ከሁለት ሌሊት በላይ አትደሩ፤ በ20 በሞንታናዋ ሚዙላ ከተማ ካደራችሁ የመጨረሻው ቀን መንገድ 475 ማይል ያህል ነው፣ በጠዋት ከተነሳችሁም ቫንቴጅ ላይ ቆማችሁ የኮሎምቢያን ወንዝ የምታዩበት ጊዜ ይተርፋችኋል።