ፓምፑ እምምም ይላል እንጂ ውሃ አያወጣም (ደብረ ብርሃን)

የጠባሴዋ
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ፓምፕ የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ አንድ በሉኝ። የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ነው፣ ከስሩ ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ እቃ ቤት አለው። ክረምት በገባ ቁጥር ከመሬቱ ውሃ ስለሚመነጭ ቤቱ ሲሰራ ጥጉ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ትንሽ ሰብመርሲብል (ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ) ፓምፕ ተቀምጦበታል፣ 0.5 ኤችፒ ይላል ላዩ ላይ፣ ያው ፍሎት ያለው ውሃው ከፍ ሲል ራሱ የሚነሳው አይነት ነው። አሁን ሐምሌ ከገባ ወዲህ እምምም ይላል እንጂ ጠብታ አያወጣም፣ ትንሽ ቆይቶ ዝም ይላል፣ ደሞ ማንም ሳይነካው ይነሳና እምምም። ውሃው ወለሉን ሸፍኖት የገብሱ ጆንያ ከስሩ ርሷል፣ በባልዲ እየቀዳን ነው። ባለፈው ክረምትም ማታ ማታ ቶሎ ቶሎ ሲነሳና ሲጠፋ ይሰማን ነበር፣ ያኔ ግን ያወጣ ነበር። አንድ ባለሙያ መጣና ከጉድጓዱ እንኳን ሳያወጣው ዲናሞው ተቃጥሏል አዲስ ግዙ ብሎን ሄደ። የአዲሱ ዋጋ ደሞ የሚቀመስ አይደለም። እውነት ተቃጥሎ ነው ወይስ ይሰራል?

ሮቢት_መስኖ
እህቴ ሳያወጣው ተቃጥሏል ያለሽ ሰው አይንሽን ሳያይ መነጽር ያዘዘልሽ ማለት ነው። እኔ ሸዋሮቢት የመስኖ ፓምፕ ነው የምጠግነው፣ የሽንኩርት ውሃ ሲቋረጥ ገበሬው የሚጠራው እኔን ነው። የተቃጠለ ዲናሞ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ብሬከር ይጥላል ወይ ጭራሽ ድምጽ የለውም፣ ሽታውም ራሱ ይናገራል። እምምም የሚል ግን መብራት ደርሶት መዞር ያቃተው ነው። የሚጠፋውና መልሶ የሚነሳው ደሞ ሞተሩ ሲግል የሚቆርጥ መከላከያ ውስጡ ስላለ ነው፣ ሲበርድ ይመለሳል። እስካሁን ያዳነሽ እሱ ነው ግን እንዲህ እየጋለ ከቀጠለ የምር መቃጠሉ አይቀርም፣ ስለዚህ አሁኑኑ አጥፊው።

ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ኢምፔለሩ (ከስር ውሃውን የሚገፋው መዘውር) በጭቃ በጠጠር በላስቲክ ምናምን ተይዟል፣ ወይ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው እቃ) ሞቷል። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርጂ፣ እግርሽ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሶኬት እንዳትነኪ አደራ፣ ሶኬቱ ውሃው አጠገብ ከሆነ ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን አጥፊና ግቢ። ፓምፑን በኤሌክትሪክ ሽቦው አትጎትቺው፣ ሽቦው የሚገባበት ማሸጊያ ይላላና ውሃ ይገባዋል፣ እጀታው ላይ ገመድ አስረሽ አውጪው። ገልብጠሽ የስሩን ወንፊት ፍቺና ኢምፔለሩን በካቻቢቴ ሞክሪው። አልዞር ካለ ችግሩ እሱ ነው፣ የያዘውን ነገር አውጪለት። ዘና ብሎ ከዞረ ካፓሲተሩን ጠርጥሪ። ካፓሲተር ከፓምፑ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው፣ ላዩ ላይ ያለውን የማይክሮፋራድ ቁጥር አይተሽ ያንኑ ግዢ፣ ቮልቱ 450 ይሁን። ይበልጣል ብለው ትልቅ ቁጥር ቢሰጡሽ አትቀበዪ፣ ሞተሩን ያግለዋል። እና አሮጌው ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ስለሚይዝ በባዶ እጅ እንዳትነኪው። ካፓሲተሩ የሞተሩ ክዳን ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ለሚያውቅ ሰው ስጪው፣ የማሸጊያ ጎማው በደንብ ካልተመለሰ ውሃ ገብቶ ያኔ ሰውየው ያለሽ ነገር እውነት ይሆናል።

ቀወት22
ምን ጣጣ አለው ሰርፌስ ፓምፕ ግዙና ላይ አስቀምጡት፣ ቱቦውን ብቻ ጉድጓዱ ውስጥ መክተት ነው። ውሃ ውስጥ የሚሰምጥ ነገር መቼም አይበረክትም

ሮቢት_መስኖ
@ቀወት22 እሱ ቆላ ላለነው ይሻላል ወንድሜ። ላይ የሚቀመጥ ፓምፕ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋለት የአየር ግፊት ነው፣ ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግፊቱ አነስተኛ ነው። በባህር ዳርቻ 10 ሜትር ይስባል የሚባለው በወረቀት እዛ 7 ሜትር አካባቢ ነው፣ በተግባር ደሞ ከዛም ብዙ ይወርዳል። የሷ ጉድጓድ ጥልቅ ስላልሆነ መሳቡን ይስበው ይሆናል፣ አይስብም አልልም፣ ግን አየር በገባ ቁጥር በእጅ ውሃ እየሞሉ ማስነሳት ሊያስፈልግ ነው፣ ሌሊት ዝናብ ሲወርድ እናትየው ተነስተው ውሃ ይሙሉለት? ጭቃ ውሃም አይወድም። ለዚህ ስራ የሚሰምጠው ነው ትክክሉ።

ባለባናው
ፓምፑን ተዉትና መጀመሪያ ውሃውን የት ነው የምትጥሉት? ቱቦው ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል

የጠባሴዋ
ቱቦው ከግድግዳው ወጥቶ እዛው ጥጉ ላይ ነው የሚያፈሰው፣ ከሱ ሌላ ቦታ አልነበረም

ባለባናው
በቃ ይሄው። ያንኑ ውሃ ነው መልሳችሁ መላልሳችሁ የምታወጡት። ያወጣችሁት ውሃ በግድግዳው ስር ሰርጎ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፣ ፓምፑ ሌት ተቀን ይሰራል። ከሱ የከፋው ደሞ መሬቱ ነው፣ እናንተ ሰፈር መረሬ ነው አይደል? ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ የቤት መሰረትን እንደዛ ሽቅብ ቁልቁል ማድረግ ነው ስራው። ጫጫም እነዋሪም ሂጂ ግድግዳው በሰያፍ የተሰነጠቀ ቤት ሞልቷል ምክንያቱ አብዛኛው ይሄ ነው። ቢያንስ 3 ሜትር አርቃችሁ ቁልቁል ባለበት በኩል አፍስሱ፣ ከቻላችሁ የመንገዱ ቦይ ድረስ። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ እንዳትከቱት ግን፣ ይሞላና ሌላ ጣጣ ታመጣላችሁ። የጎረቤት አጥር ስር ደሞ አይሞከርም፣ እዛ የሚመጣው ጸብ ከውሃው ይብሳል። የጣራው አሸንዳ ውሃስ የት ነው የሚወርደው እሱንም እዩት፣ ብዙ ጊዜ ከመሬት መነጨ የሚባለው ከጣራ የወረደው ነው።

የጠባሴዋ
ወንድሜ አወጣው እና ልክ እንደተባለው ሆነ!! ኢምፔለሩ ላይ የማዳበሪያ ክር ተጠምጥሞበት ድርቅ ብሎ ነው የተገኘው፣ ጉድጓዱ አጠገብ ማዳበሪያ እናስቀምጣለን ለካ እየተተረተረ ይገባል። በቢላ ቆራርጠን አወጣነው፣ በካቻቢቴ ሲነኩት መዞር ጀመረ፣ ስናስገባው ውሃውን ጠራርጎ አወጣው። ዲናሞው ጤነኛ ነው ማለት ነው። አሁን የቀረው ቅድም ያልኩት ነገር ነው፣ ሲያቆም ጉርርር ብሎ ውሃው ከቱቦው ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል፣ ወዲያው ደሞ ይነሳል። ይሄስ ምንድነው? ቱቦው 40 ነው፣ ወደ ላይ 4 ሜትር ገደማ ይሆናል

የመንዝ_ልጅ_ሚኒሶታ
ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው) የለውም ወይም ተበላሽቷል። እኔ ያለሁበት አገር ቤዝመንት ያለው ቤት ብዙ ስለሆነ ይሄ ፓምፕ የታወቀ ነው፣ ቼክ ቫልቭ ሳይኖረው አይገጠምም ማለት ይቻላል። ስሌቱን እይው፣ ውስጡ 40 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ በሜትር ከ1.2 ሊትር በላይ ይይዛል፣ በ4 ሜትር 5 ሊትር ገደማ ማለት ነው፣ ፓምፑ ባቆመ ቁጥር ያ ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል፣ ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነ ፍሎቱን መልሶ ያነሳዋል። ሞተር የሚደክመው ደሞ ሲነሳ ነው፣ ሲነሳ የሚስበው ከረንት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ቼክ ቫልቩን ከፓምፑ በላይ ቱቦው ላይ አስገጥሚ፣ ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ላይ ይይ፣ ተገልብጦ ተገጥሞ ፓምፑ ሞተ የሚባልበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

አንድ የሚረሳ ነገር፣ ቫልቩ ከገባ በኋላ ፓምፑና ቫልቩ መሃል አየር ይታመቅና ፓምፑ እየዞረ ውሃ እምቢ ሊል ይችላል። ለዛ ከፓምፑ በላይ ከቫልቩ በታች ቱቦው ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በድሪል ይበሳል፣ አየሩ በዛ ይወጣል። የፓምፑ ማንዋል ካለ እዩት፣ አንዳንዱ ፓምፕ ራሱ ላይ ቀዳዳው አለው።

ሮቢት_መስኖ
ትክክል ነው የሚኒሶታው። እኔ የምጨምረው ፓምፑ ጭቃው ላይ አይቀመጥ፣ ከስሩ ብሎኬት አድርጉለት፣ ክሩም ጠጠሩም አይደርስበትም፣ የጉድጓዱን አፍም ክዳን አብጁለት። ፍሎቱ ደሞ ሲንሳፈፍ ግድግዳው ላይ እንዳይያዝ ሽቦውን አስተካክሉት፣ ወደ ላይ ከተያዘ ውሃ ሳይኖር ሲዞር ያድራል። ማታ ማታ ቮልቱ ስንት እንደሚሆን በቴስተር አስለኩት፣ ከ190 በታች ከወረደ እንኳን በክር የተያዘ ጤነኛውም ፓምፕ ለመነሳት ይቸገራል። እና ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ከሆነ የተሰካው አውጡት፣ መብራቱ እዛው ሽቦው ላይ ነው የሚያልቀው፣ 2.5 ሽቦ በቀጥታ ከብሬከር ይሳብለት፣ አርቱም አይረሳ።

የጠባሴዋ
ኤክስቴንሽን ላይ ነበር 🙈 ቫልቩ ተገዝቷል ነገ ይገጠማል፣ ቱቦውንም ወደ ቦዩ እናስረዝማለን። ግን ቀዳዳዋ ከተበሳች ፓምፑ ሲሰራ ውሃ አትረጭም? ሰራተኛው አይሆንም ብሎ እየተከራከረ ነው። መብራት ሲጠፋስ በምን እናድርገው

የመንዝ_ልጅ_ሚኒሶታ
ትረጫለች፣ መርጨቷ ነው ስራዋ። ጉድጓዱ ውስጥ እንድትሆን ዝቅ አድርጎ ወደ ታች አዘንብሎ ይብሳት፣ የምትረጨው እዛው ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል። መርጨት ካቆመች ተደፍናለች ማለት ነው በሚስማር ክፈቷት።

ሮቢት_መስኖ
ለመብራቱ ትንሽ ጀነሬተር ይበቃል፣ ግን 0.5 ኤችፒ ነው ብላችሁ 700 ዋት እንዳትገዙ አያስነሳውም፣ 2 ኪሎዋት አካባቢ ይሁን። ደሞ እቃ ቤቱ ውስጥ እንዳታስነሱት፣ ጭሱ ይገድላል፣ ውጭ ይሁንና ሽቦው ይግባ። ገብሱን እርጥቡን ለይታችሁ ፀሐይ ስትወጣ አስጡት