ድምፁ የማይረብሽ፣ ዋጋው የማይከብድ ፓወር ሰፕላይ ለቤት ኮምፒውተር፦ የትኛውን ልምረጥ?

የመሪጌታ የእህት ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ቤት ውስጥ የምሠራበት ኮምፒውተር ከሁለት ሳምንት በፊት በድንገት ጠፍቶ አልነሣም ብሏል። የሰፈራችን ባለሙያ በተውሶ ፓወር ሰፕላይ (መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያድለው ክፍል) አስነሥቶ ስላሳየኝ፣ የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ እንደሆነና ማዘርቦርዱን ጨምሮ ሌላው ዕቃ ደኅና እንደሆነ አውቄያለሁ። አዲስ ለመግዛት ስነሣ ግን ሁለት ነገር አስቸገረኝ።

አንደኛው ድምፁ ነው። አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ዘንድ እየመጡ፣ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ ቤት ሳሉ የተማሯቸውን ቅኔዎች በቃላቸው እያሉ እኔ እቀርጻለሁ። ድምፃቸው በዕድሜ ምክንያት ዝግ ስላለ ማይኩን ከፍ ማድረግ ግድ ይለኛል፤ ማይኩን ከፍ ሳደርገው ደግሞ የቀድሞው ፓወር ሰፕላይ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ሲያጉረመርም አብሮ ይገባል። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ናት፤ አንዱን ቤት ጨርሰው ትንፋሽ ሲወስዱ የሚሰማው እሱ ነው።

ሁለተኛው ዋጋው ነው። ከተማው ውስጥ ያገኘሁት አንዱ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው «600 ዋት» የሚል ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሌላው 450 ዋት ሆኖ ሳለ ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ሻጩ «ዋት የበዛው ይሻልዎታል» ይለኛል። ኮምፒውተሬ ኮር አይ5-6500፣ 16 ጊጋ ራም፣ አንድ ኤስኤስዲና አንድ ሃርድ ዲስክ ያለው ሲሆን ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ምናልባት ወደፊት 1050 ቲአይ እጨምርበት ይሆናል። መብራቱ ስለሚዋዥቅ አንድ ትንሽ ስታብላይዘር አለኝ። ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 600 ዋት እውነት ቢሆን እንኳ ለእርስዎ ምንም አይጨምርልዎትም። አይ5-6500 አምራቹ ያወጣለት የሙቀት ወሰን 65 ዋት ነው፤ ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኮቹና ማራገቢያዎቹ ሁሉ ቢደመሩ ኮምፒውተርዎ ሥራ በዝቶበትም ከ120 ዋት ብዙም አይርቅም። 1050 ቲአይ 75 ዋት ያህል ስለሚወስድ፣ እሱ ሲጨመር 200 ዋት ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የሚፈልጉት የጻፈውን በእርግጥ የሚሰጥ 400 ወይም 450 ዋት ነው።

የጻፈውን ይሰጥ እንደሆነ ለማወቅ ሳጥኑን ትተው ብረቱ ጎን ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ያንብቡ። 12 ቮልት በሚለው ሥር ያለውን አምፔር በ12 ሲያባዙት እውነተኛው አቅም ይወጣል፤ በዛሬው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት በዋናነት ከዚሁ ከ12 ቮልቱ ነውና። በ5ና በ3.3 ቮልት ሥር የተከመረ አምፔር ጠቅላላውን ቁጥር ያሳብጠዋል እንጂ ለእርስዎ ማሽን እምብዛም አይጠቅምም።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ «700 ዋት» የሚል አምጥቶልኝ ነበር። ክዳኑን ስከፍተው፣ ከመብራቱ መግቢያ አጠገብ ጥቅል ሽቦና ማጣሪያ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) የሚቀመጡበት ቦታ ሰርኪዩቱ ላይ ምልክቱ ታትሟል፤ ዕቃዎቹ ግን የሉም፤ በምትካቸው ሁለት ቁራጭ ሽቦ ተበይዶ ታልፏል። በመውጫው በኩል ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ቡናማ ፈሳሽ ደርቆባቸው ነበር። ቢያንስ 105 ዲግሪ የሚችል ካፓሲተር ቢገባበት ኖሮ እንዲህ ፈጥኖ ባልሞተ፤ የገቡት ግን የ85 ዲግሪዎቹ ነበሩ። (ይህን አይቼ ነገርኩዎ እንጂ እርስዎ እንዳይከፍቱት አደራ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል።)

ወደ ድምፁ ስመጣ፣ ማራገቢያው የሚጮኸው ሙቀት ስለሚያባርር ነው። ኮምፒውተሩ 120 ዋት ሲፈልግ፣ ብቃቱ 70 በመቶ የሆነ ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳው 171 ዋት ገደማ ይስብና 51 ዋቱን ውስጡ ሙቀት አድርጎ ያስቀረዋል፤ ብቃቱ 85 በመቶ የሆነው ግን የሚያባክነው 21 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ «80 ፕላስ ብሮንዝ» የሚል ምልክት ያለውን ይፈልጉ። ይህ የብቃት ምልክት በ2004 የተጀመረ ሲሆን የብሮንዝ ደረጃው በ2008 ተጨመረ፤ በ115 ቮልት ሲፈተን በግማሽ ጭነት 85 በመቶ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚመሰክረው ስለ ብቃት ብቻ ነው፤ ስለ ማራገቢያው ድምፅም ሆነ ስለ መከላከያዎቹ የሚለው የለም። የማራገቢያው ስፋት 120 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን፣ በዝግታ እየዞረም በቂ አየር ስለሚያንቀሳቅስ ይመረጣል። ከኋላው 80 ሚሊሜትር ብቻ ያለው ያንኑ አየር ለማግኘት መፍጠን አለበት፤ ኩሽኔታው ሲያረጅ የሚያጉረመርመውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የዕቃውን ስም በተመለከተ፣ ሲሶኒክን፣ ኮርሴርንና ኩለር ማስተርን የመሳሰሉትን ቢያገኙ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንዱ ስም ራሱ ርካሽም ደኅናም ሞዴል ስላለው ሠንጠረዡን ሳያነቡ እንዳይገዙ።

መምህሩ (ፍኖተ ሰላም)

የጠጋኙን ምክር አብዛኛውን እቀበላለሁ፤ ርካሽ ዕቃ ሲባል ግን አዲስ ብቻ መታሰብ የለበትም እላለሁ። ከውጭ ተጠቅመውባቸው ከሚመጡት የቢሮ ኮምፒውተሮች የሚወጣ ፓወር ሰፕላይ፣ ዋቱ 240 ወይም 290 ብቻ ቢሆንም፣ ስሙ ከማይታወቅ አዲስ ዕቃ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ቤት ያለው አራት ዓመት አገልግሎኛል፤ ድምፁን ለመስማት ጆሮ ማስጠጋት ያስፈልጋል።

አንድ ስሕተት ግን ሠርቻለሁ። ሁለተኛ ልግዛ ብዬ ሳላስተውል ያመጣሁት፣ ለማዘርቦርዱ የሚሰጠው መሰኪያ 8 ፒን ሆኖ ተገኘ፤ የተለመደው ማዘርቦርድ የሚፈልገው ደግሞ 24 ፒን ነው። ቅርጹም ከኮምፒውተሩ ቀፎ ቀዳዳ ጋር አልገጠመም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው አሮጌውን ተሸክሞ ሄዶ ጎን ለጎን ማስተያየት አለበት።

ሌላው መብራቱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ፣ በእኛ ግቢ ምጣድ በተጣደ ቁጥር አምፖሉ ፈዘዝ ይላል፤ ኮምፒውተሩም ከዚሁ መስመር ነው የሚመገበው። ከኋላው 115/230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ፓወር ሰፕላይ ከገዙ፣ 230 ላይ መሆኑን ሳያዩ አይሰኩት፤ 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል። በክረምት መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ከሶኬቱ መንቀል ነው፤ ከዚያ የሚያስጥል ርካሽ ዕቃ አላየሁም።

የመሪጌታ የእህት ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ተመልሼ ሄጄ ሠንጠረዦቹን ቀዳሁ። «600 ዋት» የሚለው በ12 ቮልት ሥር 16 አምፔር ብቻ ነው ያለው፤ መግቢያው ደግሞ ቀይ ማብሪያ አለው። ባለ 450ው 36 አምፔር ይላል፤ መግቢያው «100–240 ቮልት» ነው፤ ማራገቢያው 120 ሚሊሜትር ሆኖ የብሮንዝ ምልክትም አለው። ሁለቱን በግራና በቀኝ እጄ ይዤ ሳስተያያቸው ባለ 600ው ባዶ ቆርቆሮ መሰለኝ። ሻጩ ለባለ 450ው የአንድ ዓመት ዋስትና በጽሑፍ እሰጣለሁ ብሏል።

ጥያቄ የቀረኝ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስን በተመለከተ ነው፤ ወደፊት ብገዛ ከዚህ ጋር ይስማማል ወይ? ስታብላይዘሩም መብራቱ በወረደና በወጣ ቁጥር ውስጡ «ቀጭ» ይላል፤ ባለፈው ቀረጻ ላይ እሱም ገብቶብኛል።

ጠጋኙ (ባሕር ዳር)

16 በ12 ሲባዛ 192 ዋት ነው፤ 36 በ12 ግን 432 ዋት ነው። ስለዚህ ባለ 450ውን ይግዙ፤ ከሱቁ ሳይወጡም ኮምፒውተሩን ወስደው እዚያው ያስነሡት። በባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ክልል መሆን አለበት፤ የባዮስ ንባብ ሁልጊዜ ትክክል ስላልሆነ አጠራጣሪ ከመሰለዎት በሜትር ያስለኩት።

ስለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ አብዛኛው ርካሽ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመዞር ከ10 ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ደኅና ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በካፓሲተሩ ውስጥ ባለው ኃይል ብቻ 16 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። ስለዚህ በጊዜው በኩል ይስማማሉ። ችግር ቢመጣ የሚመጣው በባትሪ ላይ ሳለ የሚያወጣው ሞገድ ጠርዛማ (እንደ ግድግዳው መብራት ለስላሳ ያልሆነ) ከሆነ ዩፒኤስ ነው፤ «100–240» የሚሉት ፓወር ሰፕላዮች ብዙውን ጊዜ ፒኤፍሲ የሚባለው፣ ከመብራቱ የሚስቡትን ሞገድ የሚያስተካክለው ክፍል ስላላቸው፣ አንዳንዶቹ በዚያ ሞገድ ይጠፋሉ። መፍትሔው ዩፒኤሱን ሳይከፍሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ሰክቶ፣ ገመዱን ከግድግዳው ነቅሎ ማየት ነው። ካልጠፋ ይግዙት።

«ቀጭ» የሚለው የስታብላይዘሩ ሪሌ (በራሱ መስመር የሚቀያይረው ማብሪያ) ነው፤ ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን ሲሠራ ነው። ግን አዲሱ ፓወር ሰፕላይ እስከ 100 ቮልት መውረድን ራሱ ስለሚችል፣ ለሚወርደው መብራት ስታብላይዘር አያስፈልገውም። ከኮምፒውተሩ መስመር አንሥተው ለፍሪጁ ይስጡትና፣ በእሱ ምትክ መብራቱ ከልክ በላይ ሲወጣ የሚቆርጥ መከላከያ ሶኬት ላይ ያድርጉ። እሱ የሚጮኸው ሲቆርጥ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ቀረጻውም አብሮ ይቆማልና፣ መሪጌታ ቤቱን እስኪጨርሱ በየመሀሉ ማስቀመጥዎን አይርሱ።